ጨጓራ ነው ተብሎ የሰነበተ ሕመም ሊምፎማ ሲሆን

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም ስለ ጨጓራና አንጀት ሊምፎማ የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርገናል። ሊምፎማ ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ከሆነው ከሊምፎሳይት የሚነሳ ካንሰር ነው። ብዙ ሰው በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ንፍፊት እብጠት ያውቀዋል። ከንፍፊት ውጭ ሲነሳ ግን አዘውትሮ የሚገኘው ጨጓራና አንጀት ላይ ነው፤ ከሁለቱም ጨጓራ ይበዛል። የደረሱን ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም አብዛኞቹ የሚነሱት ከአንድ ችግር ነው፤ የበሽታው ዓይነት በናሙና ሳይለይ መድኃኒት ይጀመራል፣ ወይም ዓይነቱ ተለይቶም ለቤተሰቡ የሚያስረዳ ሰው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 54 ዓመቱ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ጨጓራ ተብሎ ኦሜፕራዞል ሲወስድ ቆየ። ሻል ሲለው መልሶ ሲያገረሽበት፣ ክብደቱም ሲቀንስ ኢንዶስኮፒ ተደረገለት፤ የናሙናው ውጤት «ማልት ሊምፎማ» ይላል። ካንሰር ነው ከተባልን በኋላ ሐኪሙ የሰጠው የ14 ቀን ኪኒን ብቻ ነው። ተስፋ ቆርጠውበት ይሆን? ቤታችንን ሸጠን ውጭ አገር እንውሰደው? — ከደሴ

መልስ፦ ቤታችሁን አትሽጡ። በሽታው ከጨጓራ ካልወጣና ባክቴሪያው ከተገኘበት፣ ሐኪሙ የጀመረው በየትኛውም አገር መጀመሪያ የሚሰጠውን ሕክምና ነው።

ማልት ሊምፎማ በዝግታ የሚያድግ ዓይነት ነው። ጨጓራ ላይ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በየላቦራቶሪው «ኤች ፓይሎሪ» የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በጨጓራ ውስጥ ለዓመታት ሲኖር ሰውነት እሱን ለመከላከል ሊምፎሳይቶችን ወደ ጨጓራ ግድግዳ ይሰበስባል። ከተሰበሰቡት መካከል አንዱ ሴል ከልክ በላይ መባዛት ይጀምራል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ግን ይህ ሴል ለመባዛት የባክቴሪያውን ቅስቀሳ ስለሚፈልግ፣ ባክቴሪያው ሲጠፋ ሊምፎማውም እየከሰመ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1993 የለንደን ተመራማሪዎች ስድስት ሕሙማንን በአንቲባዮቲክ ብቻ አክመው የአምስቱ ሊምፎማ እንደጠፋ አሳዩ። ዛሬ ባክቴሪያው ከተገኘባቸውና በሽታው በጨጓራ ብቻ ከተወሰነባቸው ሕሙማን ከአራቱ ሦስቱ ያህል በዚሁ ኪኒን ከሊምፎማው ነጻ ይሆናሉ።

የተለመደው አወሳሰድ አሞክሳሲሊን 1000 ሚሊግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራምና ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም ነው፤ ሦስቱም ጠዋትና ማታ፣ ለ14 ቀን። ኦሜፕራዞሉ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይዋጣል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አሞክሳሲሊን መውሰድ የለበትም፤ ለእሱ በቢስመዝ፣ በቴትራሳይክሊንና በሜትሮኒዳዞል የተዋቀረ ሌላ አወሳሰድ አለ። ሕክምናው ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች አንዱ ኪኒኑን በመሐል ማቋረጥ ነው። አፍ ይመራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ተቅማጥ ይመጣል፤ ሕመሙም ቀለል ስለሚል ሰውየው ኪኒኑን ይተወዋል። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለማመድና ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞከር እምቢ ይላል። ስለዚህ ባለቤትዎ 14ቱን ቀን አንድም ሳያጓድሉ ይጨርሱ።

ቀጥሎ ባክቴሪያው በእርግጥ መጥፋቱ መረጋገጥ አለበት። ምርመራው ኪኒኑ ካለቀ ከ6 ሳምንት በኋላ በሰገራ አንቲጅን ወይም በትንፋሽ ይደረጋል። ከዚያ በፊት ባሉት 2 ሳምንታት ኦሜፕራዞል፣ በ4ቱ ሳምንታት ደግሞ ማንኛውም አንቲባዮቲክ መወሰድ የለበትም፤ ባክቴሪያው ሳይጠፋ የጠፋ ያስመስላሉ። ከክንድ ደም ተወስዶ የሚሠራው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ለዚህ አይጠቅምም። ባክቴሪያው ከጠፋ ከብዙ ወራት በኋላም «ፖዘቲቭ» ስለሚል ሰዎች በእሱ እየተመሩ ያለ ምክንያት ደጋግመው አንቲባዮቲክ ሲወስዱ እናያለን።

ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ኢንዶስኮፒው ይደገማል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ባክቴሪያው በሁለት ሳምንት ቢጠፋም ሊምፎማው ለመጥፋት ወራት፣ አንዳንዴም ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቁስሉ እየዳነ ናሙናው ውስጥ ጥቂት ሴሎች ቢታዩ መጠበቅ ይቻላል። ካልጠፋ ወይም ከባሰ ጨጓራው ላይ ያነጣጠረ የጨረር ሕክምና፣ በጥቅሉ 30 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ ውጤቱም በጣም ጥሩ ነው። ሊምፎማው ከጠፋም በኋላ የኢንዶስኮፒ ክትትሉ አይቋረጥም፤ እንዲህ ያለ ጨጓራ ለተለመደው የጨጓራ ካንሰርም ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁልን። ናሙናው ውስጥ ትልልቅ ሴሎች በክምችት ታይተዋል ወይ? ከታዩ በሽታው ወደ ፈጣኑ ዓይነት ተለውጧልና ኬሞቴራፒ ያስፈልገዋል። በሲቲ ስካን በሽታው ከጨጓራ አለመውጣቱ ታይቷል ወይ? በ11ኛውና በ18ኛው ክሮሞዞም መካከል የሚደረገው መለዋወጥ ሊመረመር ይችላል ወይ? ይህ ለውጥ ያለባቸው ሊምፎማዎች በአንቲባዮቲክ የመጥፋት ዕድላቸው አነስተኛ ነው። ምርመራው በቅርብ ባይገኝ ግን ኪኒኑ በእሱ ምክንያት አይዘግይ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በቀኝ በኩል ታችኛው ሆዱን ያመዋል፣ ማታ ማታ ያልበዋል፣ 11 ኪሎ ቀንሷል። ሲቲ ስካን አንጀቱ መወፈሩንና የሆዱ ውስጥ ንፍፊቶች ማበጣቸውን አሳየ። «ቲቢ ወይም ሊምፎማ» ብለው የቲቢ መድኃኒት እንዲጀምር ነግረውናል። ናሙና አልተወሰደም። እንጀምር? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በእኛ አገር የአንጀት ሊምፎማ በጣም የሚዘገየው እዚህ ላይ ስለሆነ በዚህ ጥያቄ ረዘም እንላለን።

ቲቢም ሊምፎማም ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይወዳሉ። ሁለቱም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ያመጣሉ። ሲቲ ስካን ፍንጭ ይሰጣል፤ መሐላቸው የጠቆረ ንፍፊቶች፣ የጠበበ አንጀትና የሆድ ውኃ ወደ ቲቢ ያደላሉ። በጣም ወፍሮም ያልጠበበ፣ እንዲያውም የሰፋ አንጀት፣ ትልልቅና ወጥ የሆኑ ንፍፊቶች፣ በደም ምርመራ ኤልዲኤች የሚባለው ኢንዛይም በጣም ከፍ ማለቱ ወደ ሊምፎማ ያደላሉ። ፍንጭ ግን ፍርድ አይደለም። ወንድምዎ ደም እየፈሰሰው ወይም አንጀቱ ተዘግቶ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ ናሙና ይወሰድ።

የሚመረጠው ኮሎኖስኮፒ ነው፤ መሣሪያው በትልቁ አንጀት በኩል እስከዚያ ቦታ ይደርሳል። ከቁስሉ ጠርዝና ከመሐሉ ከ8 እስከ 10 ቁራጭ መወሰድ አለበት። ሊምፎማ ከላይኛው ሽፋን ሥር ስለሚያድግ አንድ ሁለት ቁራጭ ብቻ ከተወሰደ «እብጠት ብቻ ነው» የሚል አሳሳች ውጤት ይመጣል። ቁራጮቹ ለሁለት ይከፈሉ። ለፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ለሚደረገው ምርመራ፣ የሚሄዱት ከናሙናው አሥር እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ ይገባሉ። የቲቢን ዘረመል ለሚፈልገው ጂን ኤክስፐርትና ባክቴሪያውን አሳድጎ ለሚለየው ካልቸር የሚሄዱት ደግሞ በንጹሕ ሳላይን ይቀመጡ፤ ፎርማሊን የቲቢውን ባክቴሪያ ስለሚገድለው ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ካልቸር ማድረግ አይቻልም። ከምርመራው በፊት ናሙናው በሁለት ዕቃ እንዲለይ መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው። ጂን ኤክስፐርት በአንጀት ናሙና ላይ «ኔጋቲቭ» ቢልም ቲቢ የለም ማለት አይደለም፤ ካልቸሩም እስከ 6 ወይም 8 ሳምንት ይፈጃል።

ኮሎኖስኮፒው ካልደረሰ ወይም ካላሳየ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ እየታየ በወፍራም መርፌ ከንፍፊቱ ናሙና ይወሰዳል፤ ያም ካልሆነ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በሆድ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ። በየክሊኒኩ የሚሠራው የቀጭን መርፌ ምርመራ ሴሎችን ለያይቶ ብቻ ስለሚያወጣ ጥርጣሬ ሊያስነሳ ይችላል እንጂ የሊምፎማን ዓይነት ለመወሰን አይበቃም።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ ናሙና ሳይወሰድ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት እንዳይሰጠው። እነዚህ መድኃኒቶች ሊምፎማን በጥቂት ቀናት ያሟሽሹታል። ትኩሳቱ ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ቤተሰቡም ተሻለው ብሎ ያርፋል። ከዚያ የሚወሰደው ናሙና የሞቱ ሴሎች ብቻ ስለሚያሳይ ፓቶሎጂስቱ ምንም ማለት አይችልም። ከሳምንታት በኋላ በሽታው በርትቶ ይመለሳል።

ናሙናው ሊምፎማ ከሆነ በኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ዓይነቱ ይለያል። ይህ ሴሎቹ የተሸከሙትን ምልክት በቀለም የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ ሲዲ 20 የቢ ሴል ሊምፎማን፣ ሲዲ 3 የቲ ሴልን ይጠቁማል፣ ኬአይ 67 ደግሞ የመባዛት ፍጥነቱን ይነግራል። ናሙናው የታየበት ላቦራቶሪ ይህ ምርመራ ከሌለው «ፓራፊን ብሎክ» የሚባለውን በሰም የተቀበረውን ናሙና ጠይቃችሁ ወደሚሠራበት ውሰዱት። መስታወት ላይ የተዘረጋው ስላይድ ብቻ አይበቃም። ብሎኩ ሰም ስለሆነ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው።

የኤች አይ ቪ ምርመራም ይደረግ፤ ቫይረሱ ሁለቱንም በሽታዎች ያበዛል፣ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። ናሙና ለማግኘት ተሞክሮ ካልተቻለና የቲቢ መድኃኒት ከተጀመረ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ክብደት፣ ትኩሳትና የአንጀቱ ሁኔታ እንደገና ይታይ። ለውጥ ከሌለ ስድስቱን ወር እስኪጨርስ መጠበቅ የለበትም።

ከዚሁ ጋር የሚነሳ ሌላም ነገር አለ። ለወራት በተቅማጥ የከሳ ወጣት ሁሉ ቲቢ ወይም ጃርዲያ አይደለም። በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ የሚታይ የትንሹ አንጀት ሊምፎማ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ካምፒሎባክተር ጀጁኒ ከሚባል ባክቴሪያ ጋር ግንኙነት እንዳለው ታውቋል። ገና በመጀመሪያው ደረጃ ሲያዝ እንደ ቴትራሳይክሊን ባለ አንቲባዮቲክ ሊጠፋ ይችላል። የላይኛው ኢንዶስኮፒ ከተደረገ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያም ናሙና ይወሰድ የምንለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ 61 ዓመቷ ነው። የጨጓራዋ ሊምፎማ «ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል» የሚባለው ነው ተብሎ «አር ቾፕ» ስድስት ዙር ታዞላታል። ጨጓራዋ ለምን በቀዶ ሕክምና አይወጣም? ሪቱክሲማቡን እኔ ከዚህ ገዝቼ ልላክ? — ከሜሪላንድ

መልስ፦ ይህ በፍጥነት የሚያድገው የሊምፎማ ዓይነት ነው። ቀድሞ ጨጓራውን ማውጣት የተለመደ ነበር። አሁን የተተወው ኬሞቴራፒው ጨጓራውን ሳይነካ ያላነሰ ውጤት ስለሚሰጥና ጨጓራዋ የወጣ ሰው ዕድሜ ልኳን መብላት ስለሚያስቸግራት፣ በሽታውም ብዙ ጊዜ ከጨጓራ ውጭ የተረፈ ሴል ስለሚኖረው ነው። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጨጓራው ሲበሳ፣ ሲዘጋ ወይም ደም መፍሰሱ በሌላ መንገድ አልቆም ሲል ነው።

አር ቾፕ የአምስት መድኃኒቶች ጥምር ሕክምና ሲሆን በየ21 ቀኑ ይሰጣል። መጠኑ በሰውነት ስፋት ይሰላል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ሪቱክሲማብ 375፣ ሳይክሎፎስፋማይድ 750፣ ዶክሶሩቢሲን 50፣ ቪንክሪስቲን 1.4 ሚሊግራም ሲሆን ቪንክሪስቲን በጠቅላላው ከ2 ሚሊግራም አያልፍም። ፕሬድኒሶሎን 100 ሚሊግራም ለ5 ቀን በአፍ ይወሰዳል፤ ጠዋት ከቁርስ ጋር ይሁን፣ ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል። ስኳር ካለባቸው በነዚያ ቀናት በየቀኑ ይለካ።

ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሊዘለል የማይገባው የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ ነው። ሁለት ምርመራ ያስፈልጋል፤ የቫይረሱ የላይኛው አንቲጅንና «ኮር» የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል። የመጀመሪያው ብቻ ታይቶ «ነጻ ነሽ» ከተባሉ በቂ አይደለም። ሪቱክሲማብ ለዓመታት ተኝቶ የነበረን ቫይረስ ቀስቅሶ ጉበትን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል፤ ቫይረሱ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። ከተገኘ ቴኖፎቪር ወይም ኤንቴካቪር አስቀድሞ ተጀምሮ የመጨረሻው ሪቱክሲማብ ካለፈ በኋላም ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል። ዶክሶሩቢሲን ልብን ስለሚያደክም የልብ አልትራሳውንድ ይደረግ።

ስለ መላክ። መጀመሪያ የሚታከሙበትን ሆስፒታል ፋርማሲስት ያነጋግሩ፤ አንዳንድ ሆስፒታል ከውጭ የመጣ መድኃኒት አይቀበልም፣ የሐኪም ማዘዣም ይጠየቃል። ሪቱክሲማብ በ100 እና በ500 ሚሊግራም ጠርሙስ ይመጣል። የሰውነታቸው ስፋት 1.6 ካሬ ሜትር ከሆነ ለአንድ ዙር 600 ሚሊግራም፣ ማለትም ከሁለቱም አንድ አንድ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ከቆዳ ሥር የሚወጋው 1400 ሚሊግራሙ የተለየ መድኃኒት ነው፤ በደም ሥር አይሰጥም፣ ለመጀመሪያው ዙርም አይሆንም። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ሻንጣ ውስጥ አድርገው ለአየር መንገድ አያስረክቡት፤ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ይበላሻል። በእጅ በሚያዝ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ይሂድ፤ የበረዶው ጥቅል ጠርሙሱን በቀጥታ እንዳይነካ በፎጣ ይለይ። ባለሥልጣን ያጸደቃቸው ተመሳሳይ ሪቱክሲማቦች ከዋናው ያላነሰ ይሠራሉ፤ እዚያው ከታማኝ ፋርማሲ ማግኘት ከተቻለ ከዚህ ከመላክ ገንዘቡን መላክ ይሻላል እንላለን።

አብሯቸው ያለው ሰው ሊያውቅ የሚገባው አለ። በመጀመሪያው ሪቱክሲማብ ወቅት ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት የተለመደ ነው፤ ጠብታው ይቀንሳል ወይም ለጊዜው ይቆማል። ዶክሶሩቢሲን ከተሰጠ በኋላ ሽንት ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀላ ደም አይደለም። ሳይክሎፎስፋማይድ ፊኛን ስለሚያቃጥል በቀን 2 ሊትር ያህል ይጠጡ። ቪንክሪስቲን ሆድ ያደርቃል፣ ጣት ያደነዝዛል፤ ሳይብስ ይነገር። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ፓራሲታሞል ውጦ ማደር ሰው ይገድላል። ድንገተኛ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ሆድ እንደ ሰሌዳ መጠንከር ወይም ሬንጅ የመሰለ ሰገራ እንዲሁ ነው፤ ሊምፎማው የጨጓራውን ግድግዳ በልቶት ከሆነ በኬሞ ሲሟሽሽ ቦታው ሊበሳ ይችላል። ለሕመም ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን አይሰጣቸው።

ጥያቄ፦ ኬሞ እየወሰድኩ ነው። መጾም እችላለሁ? ጠበልስ? ክትፎ ብላ፣ ደም ይተካል የሚሉኝም አሉ። — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ክትፎ፣ ቁርጥ፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎ እስከ ሕክምናው ፍጻሜ ድረስ ይቅሩ። ነጭ የደም ሴል ባነሰበት ሰውነት ጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል። ሥጋው በደንብ ይብሰል፣ እንቁላሉ ይቀቀል፣ ሰላጣው ይቅር፣ ፍራፍሬው የሚላጥ ይሁን። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ምስርና ሽሮ ጥሩ ናቸው፤ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይመገቡ።

ስለ ጾም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ማቅለል የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው፤ በእስልምናም ሕመምተኛ በረመዳን እንዲያፈጥር ይፈቀድለታል። ከፍስክ ምግብ መከልከል ብቻ ከሆነ በጥራጥሬ፣ በለውዝና በሱፍ ፕሮቲኑን መሙላት ይቻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ግን በፕሬድኒሶሎን ላይ ላለ ቁስለኛ ጨጓራ ይጎዳል። ጠበል መጠመቅና መጸለይ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ የደም ሥር ቱቦ ከተተከለልዎ ውኃ አይንካው። ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ ግን ጨጓራን ሊያደማ ስለሚችል ይቅር፤ የሚጠጡትም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። መድኃኒቱን አቋርጡ የሚል ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ኮሶና መጠኑ የማይታወቅ የሥር መድኃኒት በምንም መንገድ አይውሰዱ፤ ጉበትዎ አሁን ያለበት ሥራ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ እህቴ የጨጓራ ሊምፎማ አለባት። አብረን ነው የምንኖረው። ይጋባል? — ከሪያድ

መልስ፦ ሊምፎማው አይጋባም፤ በአንድ መሶብ ብሉ። ባክቴሪያው ግን በቤተሰብ ውስጥ በተለይ በልጅነት ይተላለፋል። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች ሊምፎማ የሚይዛቸው እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። የጨጓራ ሕመም ያለብሽ ከሆነ በሰገራ አንቲጅን ተመርመሪ።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጃችን ሆዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ አበጠ፣ ያስመልሰዋል። ሐኪም ቤት አንጀቱ እርስ በርሱ ገብቷል አሉን፤ ሊምፎማም ሊሆን ይችላል ብለዋል። ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አለን። — ከአርባ ምንጭ

መልስ፦ ቀጠሮውን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሪፈራል ሆስፒታል ውሰዱት። አንጀት እርስ በርሱ መግባት በጨቅላዎች ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ዕጢ ይከሰታል፤ በ6 ዓመት ልጅ ላይ ግን የሚጎትተው ዕጢ ሊኖር ስለሚችል መፈለግ አለበት። ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1958 ከኡጋንዳ የገለጸው የበርኪት ሊምፎማ በወባማ የአፍሪካ አካባቢዎች ልጆች ላይ ይበዛል፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚያው ፍጥነቱ ምክንያት ለኬሞቴራፒ በጣም ተሸናፊ ነው፤ በጊዜ የደረሱ ልጆች ብዙዎቹ ይድናሉ።

አንጀቱ ከተዘጋ ወይም ደም ካጣ ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል፤ የወጣውም ሥጋ በሙሉ ለፓቶሎጂ ይላክ። ዕጢው ትልቅ ከሆነ ግን ሁሉንም ለማውጣት መታገል ኬሞውን ያዘገያል እንጂ አያድንም። ኬሞው ከመጀመሩ በፊት በደም ሥር ብዙ ፈሳሽና አሎፒዩሪኖል ይሰጠዋል፤ ሴሎቹ በአንድ ጊዜ ሲፈርሱ ዩሪክ አሲድ፣ ፖታሲየምና ፎስፌት ደም ውስጥ ተከማችተው ኩላሊትንና ልብን ያቆማሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንቱ በየሰዓቱ ስለሚለካ የሸናውን ሳትደፉ ለነርሷ አሳዩ። ስትሄዱ ሲቲ ስካኑን ወይም የአልትራሳውንዱን ውጤት፣ እስካሁን የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ተሰጥቶት ከነበረ በር ላይ ለሚቀበላችሁ ሐኪም መጀመሪያ ይህን ንገሩት።